የመንግሥት ትምህርት ቤት ስንመርጥ ምን እንይ? ከጅማ አድማጮች ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ባለፈው ፕሮግራም ስለ 1ኛ ክፍል ምዝገባ ካወራን በኋላ ስልኩ አላቋረጠም። ሰዓቱ ስላልበቃን አንዳንዶቹን በችኮላ ነው የመለስኩት። እዚህ ዘርዘር አድርጌ ጽፌላችኋለሁ። አስተማሪም ሱፐርቫይዘርም ሆኜ ስለሠራሁ፣ ብዙዎቹ ጥያቄዎች ወላጆች በየዓመቱ የሚያነሷቸው ናቸው።

«ቤታችን ሄርማታ ነው። ልጄ በመስከረም 7 ዓመት ይሞላታል። በአቅራቢያችን ሁለት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አሉ። የአንዱ ግቢ ያምራል፣ አጥሩም አዲስ ነው። ሌላው አሮጌ ነው፣ ሰው ግን ያመሰግነዋል። በምን ልለያቸው?»

እህቴ፣ አጥሩን ይተዉትና 2ኛ ክፍል ይግቡ። ትምህርት ሳይዘጋ፣ በሥራ ቀን፣ ርዕሰ መምህሩን አስፈቅደው ይሂዱ። ከዚያ መሀል ወንበር ላይ የተቀመጠ አንድ ልጅ ከመጽሐፉ ግማሽ ገጽ እንዲያነብልዎት ይጠይቁ። ፊት የተቀመጠውን ጎበዝ አይምረጡ። ለእርስዎ ብለው የሚያስነሡት እሱን ነው። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል የመሀሉ ልጅ አጭር ታሪክ ሳይንተባተብ ካነበበና ያነበበውን በራሱ ቃል ከነገረዎት፣ እዚያ ትምህርት ቤት ውስጥ ሥራ አለ ማለት ነው።

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በተካሄደ የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ታሪክ አንድ ቃል እንኳን ማንበብ አልቻሉም። ሁለት ዓመት ትምህርት ቤት ተመላልሰው! በእነዚህ ሁለት ዓመታት ያላነበበ ልጅ 4ኛና 5ኛ ክፍል ሲደርስ ሳይንሱም ሒሳቡም ይከብደዋል፤ ጥያቄውን ማንበብ አይችልማ።

ቀጥሎ ደብተር ይዩ። የሦስት አራት ልጆች ደብተር ይበቃል። ሁሉም ላይ ያለው ጽሑፍ ቃል በቃል አንድ ዓይነት ከሆነ ልጆቹ የሚውሉት ከሰሌዳ ሲገለብጡ ነው። ልጁ ራሱ የመሠረተው ዓረፍተ ነገር፣ የራሱ ስህተት፣ ከሥሩ ደግሞ የመምህሩ እርማት ካለ ደስ ይበልዎት። ቀይ የራይት ምልክት ብቻውን እርማት አይደለም።

ሦስተኛው ጥያቄ ለርዕሰ መምህሩ ነው፦ «1ኛ ክፍልን የሚያስተምረው ማን ነው? እንዴት ተመደበ?» በብዙ ቦታ ልምድ ያለው መምህር ወደ ላይኛው ክፍል ይላካል፣ አዲሱ ወይም ሌላ ቦታ ያልተገኘለት 1ኛ ክፍል ይሰጠዋል። ለእኔ ይህ ከባድ ጥፋት ነው። ፊደል ማስቆጠር ከሁሉም የሚከብድ ሥራ ነው። ጎበዝ መምህሩን ሆን ብሎ 1ኛ ክፍል ላይ የሚያስቀምጥ ርዕሰ መምህር ካገኙ፣ ግቢው ጭቃ ቢሆንም ልጅዎን እዚያ ያስመዝግቡ።

«የሰፈራችን ትምህርት ቤት በኢንስፔክሽን ደረጃ 2 ነው አሉኝ። መጥፎ ነው ማለት ነው?» (በጽሑፍ መልእክት)

የግድ አይደለም። ኢንስፔክሽን ማለት መንግሥት ትምህርት ቤቶችን የሚገመግምበት ሥራ ነው፤ ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ይመድባቸዋል። ደረጃ 3 እና 4 መስፈርቱን አሟልተዋል የሚባሉት ናቸው። በአገራችን ያሉት አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ግን 1 እና 2 ላይ ናቸው። ስለዚህ ቁጥሩ ብቻውን ብዙ አይነግርዎትም።

የሚመዘነው በሦስት በኩል ነው፦ ግብዓት፣ ሂደትና ውጤት። ግብዓት ማለት ክፍሉ፣ መጽሐፉ፣ ውኃው፣ ቤተ መጻሕፍቱ ነው። ሂደት ማለት ማስተማሩና አመራሩ ነው። ርዕሰ መምህሩን ወይም የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረቱን «ነጥብ ያጣነው በየትኛው ነው?» ብለው ይጠይቁ። ቤተ መጻሕፍት ስለሌለ ደረጃ 2 የሆነ ትምህርት ቤትና መምህራኑ ስለሚቀሩ ደረጃ 2 የሆነ ትምህርት ቤት አንድ አይደሉም። መቼ እንደተገመገመም ይጠይቁ። ከዚያ ወዲህ ርዕሰ መምህሩ ተቀይሮ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው።

«ቤት ውስጥ የምናወራው አማርኛ ነው። ልጄ ግን ሰፈር ሲጫወት ኦሮምኛውን እንደ ውኃ ይናገረዋል። በየትኛው ቋንቋ ይማር?» (ከቦሳ አዲስ የደወሉ አባት)

ወንድሜ፣ ይህ ጥያቄ ጅማ ውስጥ ያልገጠመው ቤት ጥቂት ነው። ብዙ ሰው በስሜት ይወስነዋል። እኔ የምለው ልጁን ይፈትኑት ነው። ማታ ላይ «ዛሬ ምን ተጫወታችሁ?» ብለው በአማርኛ ይጠይቁት። በነጋታው ኦሮምኛ የሚችል ጎረቤት ያንኑ በኦሮምኛ ይጠይቀው። በየትኛው ነው ረጅም ታሪክ የሚያወራው? በየትኛው ነው ቃል የሚያጥረው? ልጅ ማንበብ የሚቀለው በደንብ በሚሰማው ቋንቋ ነው። የማያውቀውን ቃል ፊደሉን ቆጥሮ ቢያነበው እንኳን ምን እንዳነበበ አይገባውም።

ሁለቱንም እኩል ከቻለ፣ የእኔ ሐሳብ ወደ አፋን ኦሮሞው ያደላል። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ነው፤ ልጅዎም የሚኖረው እዚሁ ነው። የኦሮምኛው ጽሕፈት ቁቤ የላቲን ፊደል ስለሆነ ለእንግሊዝኛውም ያግዘዋል። የአማርኛውን ፊደል ደግሞ እናንተ ቤት ውስጥ በቀን ሩብ ሰዓት ብታስቆጥሩት ይይዘዋል። በአማርኛ ካስገቡት የአማርኛ ክፍሉ እስከ ስንተኛ ክፍል እንደሚዘልቅ አስቀድመው ያጣሩ። አደራ የምለው አንድ ነገር ነው፦ 3ኛ ወይም 4ኛ ክፍል ላይ ቋንቋ አይቀይሩበት። 9ኛ ክፍል ሲገባ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ይሆናል። ከዚያ በፊት ሌላ መንገጫገጭ አይጨመርበት።

«አንድ ክፍል ውስጥ ከ70 በላይ ልጆች አሉ። ልተወው?»

ብዙ ነው። በትምህርት ፖሊሲው ለአንደኛ ደረጃ የተቀመጠው ልክ በአንድ ክፍል 50 ነው። ግን ሌሎቹ የሰፈሩ ትምህርት ቤቶችም እንዲሁ ከሆኑ የሚያዩት ሌላ ነገር ነው። መምህሩ ልጆቹን በቡድን ያሠራል? የኋላው ረድፍ ላይ ያሉትን ስማቸውን ያውቃል? ፈረቃ ነው ወይስ ሙሉ ቀን? ፈረቃ ከሆነ ልጁ በቀን የሚማረው ግማሽ ቀን ብቻ ስለሆነ፣ መምህር የቀረበት አንድ ክፍለ ጊዜ እንኳን ትልቅ ጉዳት ነው። «መምህር ሲቀር ማን ይተካል?» ብለው ይጠይቁና መልሱን በደንብ ያዳምጡ። «እርስ በርስ እንሸፋፈናለን» ካሉ እንዴት እንደሆነ ያሳይዎት።

«የልጅ ልጄን የማሳድገው እኔ ነኝ። ጥሩ የተባለው ትምህርት ቤት ዋናውን አስፋልት ተሻግሮ ነው።»

እማማ፣ ለ1ኛና 2ኛ ክፍል ቅርቡን ይምረጡ። ጠዋት ባጃጁ ሲበዛ፣ ዝናቡም ሲጥል፣ ትንሽ ልጅ ብቻውን አስፋልት መሻገር የለበትም። የጅማን ዝናብ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። በዝናብ ምክንያት በሳምንት ሁለት ቀን የሚቀር ልጅ ከጥሩ መምህርም አይጠቀምም። ከፍ ሲል ማዛወር ይቻላል።

«የሴቶች ሽንት ቤት ማየት ነውር ይሆናል ወይ?»

በጭራሽ ነውር አይደለም። ገብተው ይዩ። ለሴቶች የተለየ ነው? በር አለው፣ ከውስጥ ይዘጋል? ውኃ አለ? ይህ ስለሌለ ብቻ ከ5ኛ ክፍል በኋላ በየወሩ ከትምህርት የሚቀሩ ልጃገረዶችን አይቻለሁ።

«ልጄን ከግል ትምህርት ቤት ወደ መንግሥት ላዛውር ነው። 3ኛ ክፍል ይገባል። ወደ ኋላ ይቀርብኛል?»

ወርኃዊ ክፍያው እንደከበደ አውቃለሁ፣ ውሳኔው አያሳፍርም። ብዙ ጊዜ የሚቸግረው ልጁ ሒሳብና ሳይንስን በእንግሊዝኛ ሲማር ቆይቶ አሁን በአፍ መፍቻ ቋንቋ ሲገጥመው ነው። «ፕላስ» የሚለውን ያውቃል፣ «መደመር» ሲሉት ይደናገራል። ክረምቱን ይጠቀሙበት። የ2ኛ ክፍል መጽሐፍ ከጎረቤት ይዋሱና በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ጮክ ብሎ ያንብብልዎት። መሸኛውንና የውጤት ካርዱን ከሐምሌ በፊት ይጨርሱ፤ ነሐሴ ላይ ቢሮ ውስጥ ሰው ላያገኙ ይችላሉ። ትምህርት በተጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት ደግሞ የክፍል ኃላፊውን መምህር አግኝተው ልጁ ከየት እንደመጣና የትኛው እንደሚከብደው ይንገሩት።