የእንቁላል ካርቶኑ ጎን ላይ ያለው ቁጥር

[ምስል፦ የሱፐርማርኬት መደርደሪያ፤ ሁለት የእንቁላል ካርቶኖች ጎን ለጎን]

ሰላም ወገኖች። ዛሬ የምናወራው ስለ እንቁላል ነው። አሜሪካ የምትኖሩ ከሆነ ይሄ ነገር በየሳምንቱ ያጋጥማችኋል። መደርደሪያው ፊት ትቆማላችሁ። አንዱ ካርቶን ላይ ቀይ ጎተራ፣ አረንጓዴ ሜዳና የምትወጣ ፀሐይ ተስለዋል። "ፋርም ፍሬሽ" ይላል፤ "ናቹራል" ይላል። አጠገቡ ያለው ግራጫ ካርቶን ምንም ሥዕል የለውም፤ ዋጋው ግን ቀነስ ይላል። ለልጆቼ ይሻላል ብዬ ለዓመታት ባለ ሥዕሉን ሳነሳ ኖሬያለሁ። የሚያናድደኝም ይሄው ነው፤ የሁለቱም ካርቶን እንቁላል ከአንድ ዓይነት ዶሮ ቤት የወጣ ሊሆን ይችላል።

ቃላቱን አንድ በአንድ እንያቸው። "ናቹራል" ማለት ምንም አልተጨመረበትም ማለት ነው። በቅርፊቱ ውስጥ ያለ እንቁላል ላይ ግን ምን ይጨመራል? እንደዚያ ከሆነ ሁሉም እንቁላል ናቹራል ነው። "ፋርም ፍሬሽ" የሚለውም ዶሮዋ እንዴት እንደኖረች አንዳች አይነግራችሁም። "ኖ ሆርሞንስ" የሚለውን ደግሞ ብዙ ሰው አምኖ ይከፍልበታል። አሜሪካ ውስጥ ለዶሮ ሆርሞን መስጠት እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ክልክል ነው። በጣም ርካሹ እንቁላልም ሆርሞን የለበትም።

"ቬጂቴሪያን ፌድ" የሚለውስ? እህል ብቻ በላች ማለት ነው። ዶሮ ግን ትል፣ ጉንዳንና ፌንጣ የምትበላ ፍጥረት ናት። ጓሮ ውስጥ ዶሮ እያየ ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ ጠዋት ከቆጥ ወርዳ ቀድማ የምታደርገው ነገር መሬት መጫር ነው። ከእህል በቀር ምንም አልቀመሰችም ከተባለ፣ ብዙውን ጊዜ ደጅ አልወጣችም ማለት ነው።

[ምስል፦ ኤ4 ወረቀት ጠረጴዛ ላይ፤ አንድ ሦስተኛው ታጥፎ]

አሁን ትርጉም ወዳላቸው ቃላት እንምጣ። ይህን ወረቀት እዩት። አንድ ሦስተኛውን አጥፌዋለሁ። በተለመደው የሽቦ ቤት ውስጥ ለአንዲት ዶሮ የሚደርሳት ቦታ ይህን ያህል ነው፤ 430 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ። ክንፏን መዘርጋት አትችልም። "ኬጅ ፍሪ" ሲል ከሽቦው ወጥታለች ማለት ነው፤ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ግን በሺዎች ከሚቆጠሩ ዶሮዎች ጋር አዳራሽ ውስጥ ተዘግታ፣ ፀሐይ ሳታይ ልትኖር ትችላለች። "ፍሪ ሬንጅ" ከሆነ ወደ ውጭ መውጫ አላት። የውጭው ቦታ ስንት ካሬ ይሁን የሚለውን ግን የግብርናው መሥሪያ ቤት አልወሰነም።

"ፓስቸር ሬይዝድ"፣ ማለትም ሜዳ ላይ ያደገች የሚለው ላይ ደግሞ መጠንቀቅ አለባችሁ። ቃሉን ብቻውን ካያችሁት አትመኑት። ከጎኑ "ሰርቲፋይድ ሂዩመን" የሚል፣ የእንስሳት አያያዝን የሚመረምር ድርጅት ማኅተም ካለ ግን ለአንዲት ዶሮ 10 ካሬ ሜትር ሜዳ ተሰጥቷል ማለት ነው። በዚያው ማኅተም "ፍሪ ሬንጅ" የሚለው 0.2 ካሬ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ልዩነቱን ተመልከቱ! ተጨማሪ ብር ማውጣት ከቻላችሁ እኔ የምለው እዚህ ላይ አውጡት ነው።

ካርቶኑን አሁን ወደ ጎን አዙሩት። ትንንሽ ፊደል ተጽፏል። "ፒ" ብሎ የሚጀምረው የማሸጊያ ድርጅቱ ቁጥር ነው። ቀጥሎ ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር አለ፤ ይሄ የታሸገበት ቀን ነው። ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ይቆጠራል። 046 ካለ ፌብሩዋሪ 15 ታሽጓል። ከሁለት ካርቶን አዲሱ የትኛው እንደሆነ የሚነግራችሁ ይሄ ቁጥር ነው። አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ ቅርፊቱን ራሱን እዩ። የመጀመሪያው ቁጥር 0 ከሆነ ኦርጋኒክ፣ 1 ከሆነ ውጭ የምትወጣ፣ 2 አዳራሽ ውስጥ ያለች፣ 3 የሽቦ ቤት ነው። ግልጽ ነው፤ አሜሪካም እንዲህ ቢሆን ምን ነበረበት!

[ምስል፦ የተሰበረ እንቁላል፤ ደማቅ ቢጫ አስኳል]

እኛ አበሾች አስኳል እናያለን። ቢጫው ከደመቀ "የአበሻ እንቁላል ይመስላል" ብለን ደስ ይለናል። ቀለሙ ግን የሚመጣው ከመኖው ነው። ሣር የበላች ዶሮ አስኳሏ ይደምቃል፤ መኖው ውስጥ የአበባ ዱቄት ወይም የቀይ በርበሬ ተዋጽኦ የተጨመረላትም እንዲሁ ይደምቃል። የቅርፊቱ ቀለም ደግሞ የዘር ጉዳይ ብቻ ነው። አገር ቤትም ትንሽ ስለሆነ ብቻ የአበሻ ነው አትበሉ፤ ገና መጣል የጀመረች የፈረንጅ ዶሮም ትንሽ እንቁላል ትጥላለች። የአበሻዋ ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 ብቻ ነው፤ የፈረንጇ 300 ገደማ። የዋጋው ልዩነት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

የጓሮ እንቁላልስ? እኔ እወደዋለሁ። ፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ጥናት፣ ሜዳ ላይ የዋሉ ዶሮዎች እንቁላል ከሽቦ ቤቱ ጋር ሲነጻጸር ቫይታሚን ኢ እጥፍ፣ ኦሜጋ 3 ደግሞ ሁለት ተኩል እጥፍ ነበረው። ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። ሳልሞኔላ የሚባለው ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ከጓሮ ዶሮም ይመጣል፤ እጃችሁን ታጠቡ፣ ልጆች ዶሮ እንዳይስሙ ተቆጣጠሩ። ቤታችሁ እ.ኤ.አ. ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ አፈሩን አስመርምሩ። የድሮ ቀለም ውስጥ ሊድ የሚባል መርዛማ ብረት ነበር። ዶሮዋ አፈሩን ትለቅማለች፤ ሊዱ እንቁላሉ ውስጥ ይገባል።

አንድ ነገር ደግሞ ከራሴ ቤት ልንገራችሁ። አንድ የፋሲካ ዋዜማ ጎረቤቴ ከጓሮዋ 12 እንቁላል ሰጠችኝ፤ በዚያው ቀን የተለቀሙ። ለዶሮ ወጡ ቀቀልኳቸው። ስልጣቸው ነጩ ከቅርፊቱ ጋር እየተቦጨቀ ወጣ። አንዱም ደህና አልወጣም። እናቴ አይታ፣ "ትኩስ እንቁላል አይላጥም፣ ልጄ፤ ማሳደር ነበረብሽ" አለችኝ። እውነቷን ነው። ትኩስ እንቁላል ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለ፤ በቅርፊቱ ቀዳዳዎች ቀስ እያለ ይወጣል። እስኪወጣ ድረስ ነጩ ከውስጠኛው ስስ ሽፋን ጋር ተጣብቆ ይቆያል። የሱቁ እንቁላል በቀላሉ የሚላጠው እኛ ጋ እስኪደርስ ቀን ስለሚቆጠርበት ነው።

[ምስል፦ ቅርፊቱ ላይ በእርሳስ ቀን የተጻፈበት እንቁላል]

ከዚያ ወዲህ ጎረቤቴ እንቁላል በሰጠችኝ ቁጥር ቅርፊቱ ላይ ቀኑን በእርሳስ እጽፍና ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ዘንድሮ ወጡ ውስጥ የገቡት ሁለት ሳምንት የቆዩት ነበሩ። 12ቱም ሳይቦጨቁ ተላጡ፤ በቢላ ጫፍ ሸንተር ሸንተር አድርጌ ከተትኳቸው።