የገመዱ ቁጥር መብረቅ አይመልስም

ከደሴ ከሚተላለፈው የሬዲዮ አድማጮች ጥያቄና መልስ ክፍል የተወሰደ ነው። መልሱን የሚሰጡት የኔትወርክ ባለሙያ ናቸው።

ከሐይቅ፦ ዋይፋይ የምን ምህፃረ ቃል ነው?

የምንም። እ.ኤ.አ. በ1999 ለገበያ ተብሎ የወጣ ስም ነው።

ከወልዲያ፦ ራውተሬ ላይ «802.11 ኤን» ይላል። ምን ማለት ነው?

ጎሽ፣ የጀርባውን ጽሑፍ አንብበሻል! 802 አይ ትሪፕል ኢ የሚባለው የመሐንዲሶች ማኅበር ለኔትወርክ ኮሚቴው የሰጠው ቁጥር ነው። 11 የገመድ አልባው ቡድን ነው፣ 3 ደግሞ የኤተርኔቱ፣ ማለትም የባለ ገመዱ ኔትወርክ። መጨረሻ ላይ ያለው ፊደል ማሻሻያውን ይነግርሻል። ኤን እ.ኤ.አ. በ2009 ወጣ፣ ኤሲ በ2013። ፊደሉ ሰውን ግራ ሲያጋባ፣ በ2018 ዋይፋይ 4፣ 5፣ 6 እየተባለ ይጠራ ተባለ። ያንቺ 4 ነው። አብሽሪ፣ ይሠራል።

ከኮምቦልቻ፦ ካት 6 የሚባል የኔትወርክ ገመድ ገዛሁ። ከሱቄ እስከ ወንድሜ ቤት በመብራት ምሰሶው ላይ ልዘረጋው ነው። 6 ስለሆነ ይችላል አይደል?

ኧረ በአላህ! ይሄን ስንቴ ልመልስ? 6 የገመዱን የመረጃ አቅም ነው የሚናገረው። በሰከንድ 1 ጊጋቢት እስከ 100 ሜትር፣ 10 ጊጋቢት ደግሞ እስከ 55 ሜትር ያደርሳል። ስለ ፀሐይ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ መብረቅ አንዲት ቃል አይልም። የቤት ውስጥ ገመድ ውጭ ሲውል ልባሱ ይሰነጠቃል፣ ውሃ ይገባዋል። ይሄ ቀላሉ ነው። ውስጡ መዳብ ነው፣ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። በክረምት አቅራቢያው ላይ መብረቅ ቢወድቅ፣ አንተም ቤት ወንድምህም ቤት ይገባል። የመብራት ሽቦ ተበጥሶ ቢያርፍበትስ? ራውተሩን የነካ ልጅ ሊሞት ይችላል። ደግሞ ምሰሶ ላይ የሚወጣው ማን ነው? አንተ! «ጎረቤቴ አድርጎት ምንም አልሆነ» እንዳትለኝ። እስካሁን አልሆነም ማለት ነው። ለሁለት ቤት ፋይበር ይሻላል፣ መስታወት ስለሆነ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ግን የሚያጠነክረው ሽቦ ብረት እንዳይሆን ጠይቅ። እሱም ምሰሶው ላይ አይታሰርም። ባለሙያ ይዘርጋልህ።

ከመርሳ፦ ካሜራዬ «802.3 ኤቲ»፣ ስዊቼ «ኤኤፍ» ይላል። ይሠራል?

እነዚህ ፊደሎች ስዊቹ በኔትወርክ ገመዱ በኩል ለካሜራው የሚልከውን ኤሌክትሪክ ነው የሚናገሩት። ኤኤፍ ከስዊቹ የሚሰጠው እስከ 15.4 ዋት ነው፣ ኤቲ እስከ 30። ካሜራው የሚፈልገውን ዋት ጀርባው ላይ አንብብ። ስዊቹ ከሚሰጠው ከበለጠ፣ ካሜራው ማታ መብራቱን ሲያበራ ሊጠፋብህ ይችላል።

ከባቲ፦ ነጎድጓድ ከመታ ወዲህ ራውተሩ የተቃጠለ ይሸታል። ልክፈተው?

አትክፈተው፣ አትንካው። ብሬከሩን አጥፋና ኤሌክትሪሺያን ጥራ። መስመሩን ሳያይልህ መልሰህ እንዳትሰካ።