ለውጡ የልቡ ነው ወይስ የአለካካችን?

የተከበራችሁ ሐኪሞች፣ መምህራንና ተማሪዎች፣ ከሥራችሁ ላይ ሰዓት ቀንሳችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

እዚህ ሐረር ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ሊነሳ የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ የድሮ ውጤቱን በፌስታል ይዞ ነው የሚመጣው። ከባቢሌ፣ ከጉርሱም፣ አንዳንዱም ከጅግጅጋ። አልጋው ላይ በግራ ጎኑ ሳይተኛ በፊት የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ዶክተር፣ ካለፈው ተሽሎኛል?» እኛም ሁለት ወረቀት አስተያይተን እንመልስለታለን። የዛሬው ንግግሬ በነዚያ ሁለት ወረቀቶች ላይ ስለተጻፉት ቁጥሮች ነው።

ልብ በአንድ ምት የምትረጨውን ደም እንውሰድ። ኢኮ ደሙን በቀጥታ አይሰፍረውም። የግራ ልብ መውጫን ስፋት እናሰላለን፣ ደሙ በአንድ ምት የሄደውን ርቀት በዶፕለር፣ ማለትም የደሙን ፍጥነት በድምፅ ሞገድ በሚለካው ዘዴ፣ እንወስዳለን፣ ሁለቱን እናባዛለን። የመውጫው ዲያሜትር 2 ሴንቲሜትር፣ ርቀቱ 20 ሴንቲሜትር ከሆነ ወደ 63 ሚሊ ሊትር ይመጣል። ዲያሜትሩን 1.8 ብንለውስ? 51! ዲያሜትሩ በራሱ ስለሚባዛ ስህተቱም አብሮ ያድጋል። 2 ሚሊ ሜትር እኮ ስክሪኑ ላይ ምልክቷን ስናስቀምጥ እጃችን ትንሽ ፈቀቅ ሲል የሚመጣ ነው። በሽተኛው ግን «ልብህ ደክሟል» ተብሎ መድኃኒት ሊቀየርለት ይችላል።

ዶፕለርም የራሱ ጣጣ አለው። ሞገዱ ከደሙ ፍሰት ጋር ካልተስተካከለ ፍጥነቱን አሳንሶ ያነባል። በ20 ዲግሪ ቢያጋድል የሚጎድለው 6 በመቶ ገደማ ነው፤ በ30 ዲግሪ 13 በመቶ ይደርሳል። በሴኮንድ 4 ሜትር የሚፈስ ደም 3.5 ሆኖ ይታያል ማለት ነው። የአኦርታ ቫልቭ (ደም ከልብ ወደ ትልቁ የደም ሥር የሚወጣበት በር) መጥበብ ከባድ የሚባለው ደግሞ ከ4 ጀምሮ ነው። በቫልቩ ግራና ቀኝ ያለውን የግፊት ልዩነት ስናሰላ ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ በ4 ስለሚባዛ፣ 64 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የነበረው ወደ 48 ይወርዳል። ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ሰው በቀጠሮ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ስለዚህ አንድ ቦታ ፕሮብ (ደረት ላይ የሚያርፈውን የማሽኑን እጀታ) አስቀምጦ መጨረስ አይበቃም። በቀኝ ደረትም በኩል ይታይ፤ ጥርት ካሉት ምስሎች ትልቁ ፍጥነት ይወሰድ።

ኤምአርአይ (በማግኔት ምስል የሚያነሳው ማሽን) ያለበት ቦታም ችግሩ አይቀርም። ማሽኑ ላይ የሚሞላው የፍጥነት ጣሪያ ከደሙ ፍጥነት ዝቅ ከተደረገ ፈጣኑ ደም ወደ ኋላ የሚፈስ መስሎ ይታያል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ሩማቲክ የልብ በሽታ (ከጉሮሮ ሕመም በኋላ የሚመጣ የልብ ቫልቭ ጉዳት) ያለባቸው፣ የልብ ምታቸው የተዛባ ወጣቶች ናቸው። የእነሱ አንዱ ምት ከሌላው አይገጥምም። ቢያንስ 5 ምት ለክቶ አማካዩን መውሰድ የግድ ነው። ወረፋው ኮሪደሩን ሲሞላ አንዷን ምት ለክቶ ማለፍ እንደሚያጓጓ አውቃለሁ። ግን ያቺ አንዷ ምት ናት ፌስታል ውስጥ ገብታ ለዓመታት የምትዞረው።

እናም የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ሪፖርቱ ላይ የመውጫው ዲያሜትር፣ የልብ ምቱ፣ የደም ግፊቱና ስንት ምት እንደተለካ ይጻፍ። ምስሉ አይጥፋ። በሽተኛው ሲመለስ የድሮውን ምስል ከፍተን እዚያው ቦታ ላይ እንለካ። የአዋቂ ሰው የልብ መውጫ ከቀጠሮ ቀጠሮ አይሰፋም አይጠብም፤ ዲያሜትሩ ከተለያየ መጀመሪያ እጃችንን እንጠርጥር። አልፎ አልፎም ሁለት ሰው አንድን ምስል፣ አንዱ የሌላውን ሳያይ፣ ይለካ። የሚያስፈልገው ያለን ማሽንና ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ፣ ከነገው ተረኛ ጀምሮ እንሞክረው።

አመሰግናለሁ።