ጠባይ ስጧት፣ ታሪኳን ግን አትቀሟት

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ፣ እንግዳ የለኝም። ወሬዬ ስለ አሻንጉሊት ነው። ትልቅ ሴት ሆኜ አሻንጉሊት እንደምሰበስብ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ የማታውቁ ደግሞ አሁን ዐወቃችሁ፣ መሳቅ ይቻላል። እናቴ ከአዲስ አበባ በቪዲዮ ስትደውል ስልኩን ወደ መደርደሪያው እንዳላዞር ታስጠነቅቀኛለች። «ይሄን ዓይኑን ያፈጠጠ ነገር ከመኝታ ቤትሽ አውጪው ልጄ» ትላለች። ማፍጠጡስ እውነት ነው፣ ያፈጣል።

እኛ ሰብሳቢዎች ዘንድ የማያልቅ ክርክር አለ። ለአሻንጉሊት ታሪክ መፍጠር ደግ ነው ወይስ አይደለም? ስም ማውጣት፣ ጠባይ መስጠት፣ «እናቷ ሞታባት አያቷ ጋ ያደገች ናት» እያሉ ማውራት። አንዱ ወገን «ታሪክ የሌላት አሻንጉሊት የሱቅ ዕቃ ናት» ይላል። ሌላው «ዕቃ አይደለች እንዴ? ስለተሠራችበት ነገርና ስለ ዕድሜዋ እናውራ፣ ሌላው የልጅ ጨዋታ ነው» ይላል። እኔ መሐል ነኝ ብዬ ላመልጣችሁ አልፈልግም። አቋም አለኝ። ጠባይ እንደ ልባችሁ ስጧት። የሕይወት ታሪክ ስትጽፉላት ግን አንድ ነገር መጀመሪያ ጠይቁ፤ የምጽፈው ባዶ ቦታ ላይ ነው ወይስ በሌላ ሰው ታሪክ ላይ?

ከጠባይ ልጀምር። እኔ ጋ አንዲት የድሮ የጀርመን አሻንጉሊት አለች። ፊቷ ከፖርሴሊን ነው። የሚተኛ ዓይን የሚባለው ዓይነት አላት፤ ስትጋደም ይከደናል፣ ስትነሳ ይገለጣል። የእሷ ግን የግራው ይዘገያል። ቀኙ ወለል ብሎ ተከፍቶ ግራው ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ያኔ ፊቷ «እስቲ ቀጥል፣ ውሸትህ የት እንደሚደርስ እንይ» የሚል ሰው ፊት ይሆናል። ስሟን እትዬ አላምንም አልኳት። ጓደኞቼ ቡና ሊጠጡ ሲመጡ «እትዬ አላምንም ዛሬስ ምን አሉ?» ይላሉ። በረከቦቱ ዙሪያ ትልቅ ወሬ የሚያመጣ ሰው ካለ መጀመሪያ ወደ እሷ ዞረን እናያለን።

እና ይሄ ማንን ይጎዳል? ማንንም። ጠባይዋ የመጣው ከዓይኗ ነው፣ ከማየት ነው። የፈጠርኩት እኔ እንደሆንኩ ሁሉም ያውቃል። እንደውም ጠባይ ስትሰጧት ልብ ብላችሁ ታዩዋታላችሁ። ቅንድቧ በቀጭን ብሩሽ፣ መስመር በመስመር የተሳለ መሆኑን ያየሁት እትዬ አላምንም ካልኳት በኋላ ነው።

ለነገሩ ለአሻንጉሊት ጠባይ መስጠት ለእኔ ያደግኩበት ነገር አይደለም። እቃ እቃ ስንጫወት አሻንጉሊታችን ከእራፊ ጨርቅ የተጠቀለለች ነበረች። ስም እንኳ አልነበራትም። ሥራዋ መታዘል፣ መታመምና ማልቀስ ነው። ታሪክ የነበረን እኛ ነን፤ አንዷ እናት፣ አንዷ ጎረቤት፣ አንዷ መርፌ የምትወጋ ሐኪም። ጨዋታው ሲያልቅ ጨርቋ ወደ ጨርቅነቷ ትመለሳለች። እዚህ አሜሪካ መጥቼ ነው ከነመታወቂያዋ የምትሸጥ አሻንጉሊት ያየሁት።

ለምሳሌ ባርቢ። ዓመተ ምሕረቶቼ ሁሉ የፈረንጆቹ ናቸው፣ እንዳትደናገሩ። በ1959 መጋቢት ላይ ኒው ዮርክ ለገበያ የቀረበች ናት፤ ስሟም ከፈጣሪዋ ከሩት ሃንድለር ልጅ ከባርባራ የተወሰደ ነው። ሙሉ ስሟ ባርባራ ሚሊሰንት ሮበርትስ እንደሆነ ታውቃላችሁ? አገሯም ዊሎውስ፣ ዊስኮንሲን። በ60ዎቹ በወጡ የልጆች መጻሕፍት ውስጥ ተጽፎላታል። ግን የትኛዋ ልጅ ናት ባርቢን ይዛ ስለ ዊስኮንሲን የምታስበው? ባርቢ ዛሬ ሐኪም ናት፣ ነገ ጠፈርተኛ ናት፣ ከሰዓት በኋላ ፀጉሯ ተቆርጧል። ኩባንያው የጻፈውን ልጆቹ ረስተውታል፣ ጥሩም አደረጉ።

አሜሪካን ገርል ላይ ግን ነገሩ ይከብዳል። ፕሌዛንት ሮውላንድ የምትባል ሴት በ1986 ሦስት አሻንጉሊቶች ይዛ ጀመረችው። እያንዳንዷ የምትኖርበት ዘመን አላት፣ መጽሐፍ አላት፣ ልብሷና ዕቃዋ ሁሉ ለዘመኑ የሚስማማ ነው። ሳማንታ የምትባለው ወላጆቿን ያጣች፣ በ1904 ሀብታም አያቷ ጋ የምታድግ ልጅ ናት። በ1993 አዲ ዎከር መጣች፣ በዚያ የታሪክ ተከታታይ ውስጥ የመጀመሪያዋ ጥቁር። የአዲ ታሪክ በ1864 ይጀምራል። ከኖርዝ ካሮላይና ባርነት ከእናቷ ጋር አምልጣ ፊላደልፊያ ትገባለች። ታሪኩ በጥንቃቄ ነው የተጻፈው፣ የጥቁሮችን ታሪክ የሚያውቁ ሰዎችም ተማክረውበታል። ግን እስቲ አስቡት። እስከ 2011 ድረስ፣ ሲሲል የምትባለው የኒው ኦርሊየንሷ ልጅ እስክትመጣ፣ ከእነዚያ ባለ ታሪክ አሻንጉሊቶች መካከል ጥቁር እሷ ብቻ ነበረች። አንዷ ልጅ ከሳማንታ ጋር ሻይ ትጠጣለች። እኔን የምትመስል አሻንጉሊት ስጡኝ ያለችው ልጅ ደግሞ ከሳጥኑ ጋር ባርነትን ትቀበላለች። የኮሩባት ወላጆች ነበሩ፤ ቅር ያላቸውም ነበሩ። ሁለቱም ይገባኛል።

እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የጓደኛዬ ልጅ አዲን የጥርስ ሐኪም አድርጋታለች። አንድ ቀን ቤታቸው ስሄድ አዲ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፣ ፊት ለፊቷ አፉን የከፈተ ድብ አለ። «ዝም በይ፣ ሥራ ላይ ናት» አለችኝ ልጅቷ። አጨበጨብኩላት። መጽሐፉን አንብባለች፣ ባርነቱንም ታውቃለች። ግን አዲ የእሷ ናት። እንዲህ ያለውን ፈጠራ እደግፋለሁ፣ ያውም በሁለት እጄ። ኩባንያ የጻፈውን ታሪክ መቀየር ማንንም አይሰርቅም።

እሺ፣ ታዲያ ምን አስጨነቀሽ አትሉኝም? የሚያስጨንቀኝ የጎመኖቹ ጉዳይ ነው።

ካቤጅ ፓች ኪድስ፣ የጎመን ማሳ ልጆች እንደማለት፣ የሚባሉትን አሻንጉሊቶች ታስታውሷቸዋላችሁ? ጉንጫቸው የተነፋ፣ የጨርቅ ገላ ያላቸው። በ1983 የገና ሰሞን አሜሪካ ውስጥ ወላጆች ሱቅ ውስጥ የተደባደቡባቸው። እያንዳንዱ አሻንጉሊት የራሱ ስም፣ የልደት የምስክር ወረቀትና የጉዲፈቻ ሰነድ ነበረው። አትገዛውም፣ በጉዲፈቻ ትወስደዋለህ። ከየት መጡ ቢባል ደግሞ መልስ አለ፤ ዣቪየር ሮበርትስ የሚባል ልጅ ክንፍ ያላት ጥንቸል የመሰለች ፍጡር ተከትሎ ከፏፏቴ ጀርባ ይገባል፣ እዚያ የጎመን ማሳ ላይ ሕፃናት ያገኛል። ጆርጂያ ውስጥ ክሊቭላንድ በምትባል ትንሽ ከተማ የነርስ ልብስ የለበሰ ሰው ከጎመን የሚያዋልድበት «ሆስፒታል» አላቸው። ደስ ይላል አይደል?

አሁን ደግሞ ጎመኑን ገለጥ እናድርገው። ማርታ ኔልሰን ቶማስ የምትባል የኬንታኪ ሴት ነበረች። ተረቱ ውስጥ ልጅ ሆኖ የገባው ሮበርትስ የእውነት ሰው ነው፣ የአሻንጉሊቶቹ ባለቤት፤ እሱ ከመታወቁ በፊት፣ በ70ዎቹ፣ እንዲህ ያሉ የጨርቅ ሕፃናትን በእጇ ትሰፋ ነበር። ስም ትሰጣቸው ነበር፣ ከጉዲፈቻ ወረቀት ጋርም ነበር የምትሰጣቸው። ሮበርትስ መጀመሪያ የእሷን ሥራ ተቀብሎ ይሸጥ ነበር። አልተስማሙም፤ እሱ የራሱን መሥራት ጀመረ። ከሰሰችው። በ1985 ጉዳዩ ከፍርድ ቤት ውጭ በስምምነት አለቀ። ክንፋሟን ጥንቸል የሚያውቅ ብዙ ሰው አለ። የማርታን ስም የሚያውቅ ስንት ነው? ጎመን በጤና ይባላል፣ ይሄኛው ጎመን ግን ጤና አልነበረውም።

የሰብሳቢዎቹን ክርክር የማየው ከዚህ ተነስቼ ነው። ተረቱ የገባበት ቦታ ባዶ አልነበረም። መርፌና ክር የያዘች ሴት ነበረችበት።

ወደ እትዬ አላምንም ልመለስ። እሷን የመሰሉ የድሮ አሻንጉሊቶች ሲሸጡ የሻጩን ወሬ ስሙ። «ከፓሪስ ባለጸጋ ቤት የወጣች»፣ «የአንዲት ባላባት ልጅ መጽናኛ»። የፀጉሯን ዊግ ከኋላ ቀስ አድርጋችሁ አንሱት። ማጅራቷ ላይ ፖርሴሊኑ ሳይተኮስ በፊት የታተመ ጽሑፍ አለ። የእኔዋ «ጀርመኒ» ይላል፣ ከሥሩ ኤ፣ ኤም እና 390 የሚል ቁጥር። አርማንድ ማርሴይ የሚባለው ፋብሪካ ነው። ስሙ ፈረንሳይኛ ይምሰል እንጂ ፋብሪካው ጀርመን አገር፣ ቱሪንጊያ ውስጥ፣ ዞንበርግ ከተማ አጠገብ ነበር። 390 ደግሞ ከሁሉም የበዛው ሞዴል ነው፣ እንደ አሸዋ ነው። የአገር ስም መጻፉም የአሜሪካ የቀረጥ ሕግ ውጤት ነው፤ በ1890 የወጣው ሕግ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር ይጻፍበት አለ። እንግዲህ ባላባት የለም፣ ፓሪስም የለም። ለውጭ ገበያ የተሠራች የሕዝብ አሻንጉሊት ናት።

ይሄ ያሳዝናል? እኔን አላሳዘነኝም። ምክንያቱም የዞንበርግ አካባቢ እውነተኛ ታሪክ ከየትኛውም ባላባት ይበልጥብኛል። እዚያ የአሻንጉሊት ሥራ በፋብሪካ ብቻ አልነበረም፣ በየቤቱ ነበር። አባት ገላውን በቅርጽ ይጨምቃል፣ እናት ልብስ ትሰፋለች፣ ልጆች እጅና እግር ይቀባሉ። ኩሽናው ውስጥ ምድጃው ላይ ክንዶች ተደርድረው ይደርቃሉ። ክፍያው በቁጥር ነው፣ ትንሽ ነው፣ ነጋዴው ሲረከብ ነው የሚከፈለው። ሌሊት የሚሠሩ ልጆች ነበሩ፣ ሌላ አገር ያሉ ልጆች የገና ስጦታ እንዲያገኙ። እኔ አሁን እሷን «የፓሪስ ባላባት ልጅ» ብዬ ካርድ ብጽፍላት እነዚያን ልጆች በእጄ ሰረዝኳቸው ማለት ነው።

መንፈስ አለባት የሚባሉትንማ ተዉኝ። ፍሎሪዳ ኪ ዌስት ሙዚየም ውስጥ ሮበርት የሚባል አሻንጉሊት አለ፤ ሰዎች ሳያስፈቅዱ ፎቶ አንስተነው መዓት ወረደብን እያሉ የይቅርታ ደብዳቤ ይጽፉለታል። ኢቤይ ላይ «መንፈስ ያለባት» ብላችሁ ስትጨምሩ የአሮጌ አሻንጉሊት ዋጋ ይወጣል። ለእናቴ አልነግራትም እንጂ ብነግራት መደርደሪያውን ሙሉ በጠበል ታስረጨው ነበር።

የወለቃዋን ነገር ግን ዝም ብዬ አላልፋትም። መደርደሪያዬ ላይ ከሁሉም ትንሿ የሸክላ ሴት ናት፣ መዳፍ ታክላለች። ጎንደር ሄዶ የነበረ ዘመዴ ነው ያመጣልኝ። ወለቃ ከጎንደር ወጣ ብሎ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። የቤተ እስራኤል ሴቶች ሸክላ የሚሠሩበት መንደር ነበር። ለጎብኚ ከሚሠሩት መካከል ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ አንድ አልጋ ላይ፣ አንበሳ፣ መጽሐፍ የያዘ ቄስ ይገኙበታል። የእኔዋ ማን እንደሆነች አልተጻፈባትም። ሁለት እጆቿን ወደ ላይ አንስታለች። ጀርባዋ ላይ፣ ጭቃው ሳይደርቅ፣ የሠራችው ሴት አውራ ጣት አርፎበታል። አሻራው ይታያል። ጣቴን ሳሳርፍበት የእኔ ይበልጣል።

ሳባ ናት ብዬ ማውራት እችላለሁ። እንግዳ ሲመጣ ታምራለች፣ ወሬም ታወጣለች። ግን የእነዚያ ሴቶች ነገር እንዲህ ቀላል አይደለም። እነሱ ራሳቸው የፈጠራ ታሪክ የተለጠፈባቸው ሰዎች ናቸው። መሬት ተከልክለው በሸክላና በቀጥቃጭነት ይኖሩ ነበር። እጀ ጠቢብ ስለሆኑ ቡዳ ተባሉ፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ተባለ። ጎረቤት ሸክላቸውን ገዝቶ ወጥ ሲሠራበት ውሎ፣ ማታ ልጁን ከእነሱ ዓይን ይደብቅ ነበር። ያ ወሬ ፈጠራ ነው፣ ያውም ሰው የጎዳ ፈጠራ። በኋላ በሱዳን በኩልም፣ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞንም አብዛኛው ሕዝብ ወደ እስራኤል ሄደ። ዛሬ በወለቃ መንገድ ዳር ሸክላውን የሚሸጡት ሌሎች ናቸው። የእኔዋን የሠራችው ማን እንደሆነች አላውቅም። በዚያ ባዶ ቦታ ላይ ሳባን ማስቀመጥ ቀላል ነው። ባዶውን እንዳለ መተው ይሻለኛል።

አንዳንዱ አድማጭ «ታዲያ ይሄ ሁሉ ለአሻንጉሊት ነው?» ይል ይሆናል። ለአሻንጉሊት ነው፣ አዎ። ግን አሻንጉሊት ከእኛ በኋላም ትኖራለች፤ እኔ ሳልፍ የሚቀበላት ሰው እኔ ያልኩትን ነው የሚያምነው። ስለዚህ ቤቴ ውስጥ አንድ ደንብ አለኝ። እያንዳንዷ በክር የታሰረ ትንሽ ካርድ አላት። እዚያ የሚጻፈው የማውቀው ብቻ ነው፤ ምልክቷ፣ ከማን እንደመጣች፣ ምን እንደተጠገነ። ጠባዩ፣ ቅጽል ስሙ፣ ነገረኝነቱ ሁሉ ሌላ ደብተር ላይ ነው። ደብተሩ ላይ እትዬ አላምንም ሁለት ባል ፈትተዋል። ካርዷ ላይ 390 ናት። አንድ ቀን ብትሸጥ ካርዱ አብሯት ይሄዳል፣ ደብተሩ እኔ ጋ ይቀራል። ገዢው የራሱን ጠባይ ይስጣት።

በሉ እንግዲህ አንድ ነገር ልለምናችሁና ልሰናበት። እስራኤል ያላችሁ አድማጮች እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ ትጽፉልኛላችሁ። እናታችሁ ወይ አያታችሁ ወለቃ ሸክላ ትሠራ ከነበረች፣ እባካችሁ የድምፅ መልእክት ላኩልኝ። ጭቃው ከየት ይመጣ ነበር? ምስሎቹን ማን ነበር የሚሠራው፣ ሁሉም ሴት ወይስ ጥቂቶች? እጇን ወደ ላይ ያነሳችዋ ማን ትባላለች? ከፈቀዳችሁ በሚቀጥለው ክፍል ድምፃችሁን አሰማለሁ። ደህና ሰንብቱ።