ማስተርስ፣ ሰርግና ክበብ፦ ጊዜው ከየት ይመጣል?

[ስክሪን ላይ፦ 168]

በሳምንት ውስጥ 168 ሰዓት አለ። ቀን መሥሪያ ቤት ውሎ ማታ ስድስት ኪሎ ማስተርሱን የሚማር ሰው እንውሰድ። ሥራው 40 ሰዓት ይወስዳል። ባለ 3 ክሬዲት ሦስት ኮርስ ይዟል እንበል፤ ክፍል 9 ሰዓት ነው። ለአንድ የክፍል ሰዓት ሁለት ሰዓት ይነበባል በሚለው ልማድ ሌላ 18። በቀን 7 ሰዓት ቢተኛ 49። የሚተርፈው 52 ነው።

ብዙ ይመስላል አይደል? የታክሲ ሰልፉ፣ ምግቡ፣ ልብስ አጠባው፣ ቤተሰቡ ከዚያው ላይ ይቆረጣል። የቀረውን የንባብ ክበቡ፣ የበጎ ፈቃድ ሥራው፣ የቤተ ክርስቲያኑ ወይም የመስጊዱ አገልግሎት ይሻሙታል።

ሰው እዚህ ሲደርስ በቀለም ያሸበረቀ ሳምንታዊ ፕሮግራም ያወጣል። ብዙ ጊዜ አይሰነብትም። በኔ እይታ ችግሩ ስንፍና አይደለም። የኛ ማኅበራዊ ኑሮ የሚሄደው በሳምንት ሳይሆን በወቅት ነው።

[ስክሪን ላይ፦ ከመስከረም እስከ ሰኔ የተዘረጋ ቀን መቁጠሪያ]

ሰርግን ተመልከቱ። አንዱ የሰርግ ወቅት ጥር ነው። የዩኒቨርሲቲው ካሌንደር ካልተዛባ የመጀመሪያው ሴሚስተር ፈተናም እዚያው አካባቢ ነው። ሌላው ከፋሲካ በኋላ፣ ሚያዝያና ግንቦት። ያኔ ደግሞ ተመራቂው ቴሲሱን አስገብቶ ለዲፌንስ የሚሯሯጥበት ሰዓት ነው። ሰርግ የአንድ ቀን ነገር ነው ብላችሁም እንዳትታለሉ። ሽምግልና አለ፣ መልስ አለ፣ ቅልቅል አለ። ሚዜ ከሆናችሁማ የሱፍ ልኩ ብቻ ስንት ምሽት ይበላል!

በተቃራኒው ጸጥ የሚሉ ወራት አሉ። ከህዳር 15 እስከ ገና ጾም ነው። የሁዳዴ 55 ቀንም አለ። ኦርቶዶክስ ዘመድ የበዛለት ሰው በነዚህ ወቅቶች የሰርግ ካርድ እምብዛም አይደርሰውም። ለፕሮፖዛልና ለከባድ ንባብ የገናው ጾም፣ ለጽሑፉ ሁዳዴ ይመቻል። ሙስሊም ቤተሰብ ውስጥ ረመዳን ተመሳሳይ ነው፤ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ እየቀደመ ስለሚመጣ ግን ቀድሞ ማየት ያስፈልጋል። የኢፍጣር ግብዣው እንደሆነ አይቀርም።

ለቅሶ ቀጠሮ የለውም። ለሱ ፕሮግራም አይወጣም፤ ተነስቶ መሄድ ነው። ስለዚህ ማስረከቢያ ቀናችሁን ከእውነተኛው አንድ ሳምንት ቀደም አድርጋችሁ ያዙ።

አሁን ወደ ግቢ እንግባ። ብዙ ሰው ኮርስ በሚማርበት የመጀመሪያው ዓመት ክበቡም ኮሚቴውም ውስጥ ይገባል። ቴሲስ ሲጀምር "በቃ፣ ልጨርስ" ብሎ ሁሉንም ይተዋል። እኔ ግልባጩን እመክራለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ክፍል አለ፣ ግሩፕ ወርክ አለ፣ ፈተና አለ። ባትፈልጉም ያስሮጣችኋል። በሁለተኛው ዓመት የሚጠይቃችሁ ሰው የለም። አድቫይዘራችሁ በሥራ ተወጥሯል፣ እናንተም ስልኩን መሸሽ ትጀምራላችሁ። አንድ ዓመት የተባለው ቴሲስ ሦስት ዓመት የሚሆነው እንዲህ ነው።

እንግዲህ በቴሲስ ዓመት አንድ ነገር ብቻ አትተዉ፦ በቋሚ ቀን ከግቢ የሚያደርሳችሁን። የዲፓርትመንቱ ሴሚናር ሊሆን ይችላል። የሰው ጥናት መስማትም ሊሆን ይችላል፤ ለታሪክ ወይም ለፎክሎር ተማሪ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ጥሩ ቦታ ነው። ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1963 የተመሠረተ ነው፤ ቤተ መጻሕፍትም ሙዚየምም አለው። ከሴሚናር በኋላ ማኪያቶ ላይ "የት ደረስክ?" የሚል አንድ ጓደኛ ከማስታወሻ አፕሊኬሽን ይበልጣል።

ሌላውን እንዴት እንተው? "ጊዜ የለኝም" የሚለው መልስ አይሠራም፤ ማን ጊዜ አለው? ቀን የተቆረጠለት እምቢታ ግን ይከበራል። ለማኅበሩ ሊቀመንበር "ጋሼ፣ እስከ ሰኔ 30 ስብሰባ አልመጣም። ሐምሌ ላይ የሒሳብ መዝገቡን እኔ እረከባለሁ" በሏቸው። ሐምሌ ሲገባ መዝገቡን ሄዳችሁ ተረከቡ፤ አለበለዚያ በሚቀጥለው ዓመት የሚያምናችሁ የለም።