ጋቢው ነው ወይስ ሕመሙ? በአእምሮ ሕክምና ክፍል ጠብ ሲነሣ

(ምስል፦ የተቆለፈ የዋርድ በር፤ ከውስጥ የሚጮህ ሰው ድምፅ)

ደብረ ብርሃን፣ ሌሊት ነው እንበል። አንድ ታካሚ በሩን በእርግጫ ይመታል። ተረኛዋን ነርስ «ምን ሆኖ ነው?» ብትሏት «ሕመሙ ተነሥቶበት» ትላለች። እሱን ብትጠይቁት ነገሩን ቀደም ካለው ይጀምረዋል፦ «ብርዱ ገደለኝ፣ ጋቢዬን ስጡኝ አልኩ። ቆይ አሉኝ፤ በዚያው ቀሩ።» የደብረ ብርሃንን ሌሊት ለሚያውቅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጆይ ደክስበሪና ሪቻርድ ዊቲንግተን በእንግሊዝ አገር ሠርተው በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት የታየውም ይኸው ነው። ታካሚዎቹ ለጠቡ ምክንያት የዋርዱን ሁኔታና የሠራተኛውን አነጋገር ሲያነሡ፣ ነርሶቹ የዋርዱን ጫና ባይክዱም ዋናው ምክንያት ሕመሙ ነው አሉ። ልዩነቱ የወረቀት ብቻ አይደለም፤ ሕመሙን ብቻ ያየ ሰው እጁ ቶሎ ወደ መርፌና ወደ ገመድ ይሄዳል።

(ምስል፦ ነርስና ታካሚ፣ በመካከላቸው ክፍት ቦታ)

ጠብ ሲነሣ ታካሚውን የሚያነጋግረው አንድ ሰው ይሁን። ሦስት ሰው ባንዴ «ተረጋጋ!» ሲል የሚረጋጋ የለም። ሁለት የተዘረጋ እጅ ያህል ራቁ፤ ፊት ለፊት ሳይሆን ጎን ብላችሁ፣ እጃችሁ እየታየ ቁሙ። በሩን አትዝጉበት፤ የእናንተንም መውጫ አታጡ። ዕድሜው የገፋውን ሰው «አንተ» ብሎ መጀመር ራሱ እሳት መለኮስ ነው፤ «አባባ፣ ምን ልርዳዎ?» ይበቃል። የማትሰጡትን ቃል አትግቡ። ጋቢው ካለ ግን አምጡለት።

የስኳር መጠኑን፣ ትኩሳቱንና የጭንቅላት ምት መኖሩን ሳታዩ «የአእምሮ ነው» አትበሉ። አረቄ በድንገት አቋርጦ የሚንቀጠቀጥና የሚያልበው ሰው የሚያስፈልገው እንደ ዲያዜፓም ያለ የሚያረጋጋ መድኃኒት ነው፤ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሃሎፔሪዶል ብቻውን የሚጥል በሽታ ሊቀሰቅስበት ይችላል።

ከጠበል ወይም ከቤት በገመድ ታስሮ የመጣ ሰው እናንተም እንደምታስሩት አምኖ ነው የሚገባው። ምን እንደምታደርጉ አስቀድማችሁ ንገሩት። መያዝ ግድ ከሆነ በሆዱ አታስተኙት፤ ጀርባውና አንገቱ ላይ ጉልበት ማሳረፍ ትንፋሽ ያቋርጣል። ማሰሪያው ሰፊ ጨርቅ ይሁን፣ ሁለት ጣት ያስገባ። ትንፋሹንና የጣቶቹን ቀለም በየ15 ደቂቃው እዩ፤ ውኃና ሽንት ቤት አይከልከል፤ ሲረጋጋ ወዲያው ይፈታ።

(ምስል፦ አንገቱ ወደ ጎን የተጠመዘዘ ወጣት)

ይህን ልብ በሉ። ሃሎፔሪዶል ከተወጋ በኋላ፣ በተለይ ወጣት ወንድ፣ አንገቱ ሊጣመም፣ ዓይኑ ወደ ላይ ሊሰቀል፣ ምላሱ ሊወጣ ይችላል። አስታማሚው «ዛሩ መጣ» ይላል፤ ያልለመደ ሠራተኛ ደግሞ ጠቡ ያገረሸ መስሎት ሌላ መርፌ ያዘጋጃል። የመድኃኒቱ ጠንቅ ነው፤ በፕሮሜታዚን ወይም በትራይሄክሲፌኒዲል ይለቀዋል። ሃሎፔሪዶል መድገም ያባብሰዋል።

ሰውየው ሲረጋጋ ከጠቡ በፊት ምን እንደነበር ራሱን ጠይቁት። የነርሷ ቃል በሰፈረበት ካርድ ላይ የእሱም ቃል ከነጋቢው ይጻፍ፤ የማታው ተረኛ መጀመሪያ የሚያነበው ካርዱን ነው።