በጀቱ ካልጸደቀ ማን ከሥልጣን ይወርዳል? የለንደን ፓርላማና የዋሽንግተን ኮንግረስ

[ምስል፦ የተዘጋ የሙዚየም በር፤ ቀጥሎ በአውሮፕላን ማረፊያ የተሰለፈ መንገደኛ]

ኦክቶበር 1 ቀን 2025 የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የማውጣት ፈቃዱ አለቀ። መሥሪያ ቤቶች ተዘጉ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ቤታቸው እንዲቀመጡ ተነገራቸው፤ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ደግሞ ያለ ደመወዝ ሥራቸውን ቀጠሉ። መዘጋቱ 43 ቀን ፈጀ፤ እስከዚያ ድረስ ከታዩት ሁሉ ረጅሙ ነበር። በእነዚህ 43 ቀናት ፕሬዚዳንቱ ከሥልጣን አልወረዱም፤ አዲስ ምርጫም አልተጠራም።

በዚህ ቪዲዮ የምንጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለንደን ላይ መንግሥት በጀቱን ማጽደቅ ካቃተው የሚዘጋው ሙዚየም አይደለም፤ የሚሄደው ራሱ መንግሥቱ ነው። ሁለቱ አገሮች ቋንቋቸው አንድ፣ የሕግ ሥራቸውም ከአንድ ምንጭ የተቀዳ ሆኖ ሳለ ይህን ያህል የተለያዩት ለምንድን ነው?

[ምስል፦ የብሪታኒያ የታችኛው ምክር ቤት፤ ፊት ለፊት የተያዩ አረንጓዴ ወንበሮች]

ብሪታኒያዊ መራጭ ጠቅላይ ሚኒስትር አይመርጥም። የሚመርጠው የአካባቢውን አንድ የምክር ቤት አባል ብቻ ነው። እንዲህ የተመረጡ 650 ሰዎች በታችኛው ምክር ቤት ይቀመጣሉ፤ የአብዛኛዎቹ ድጋፍ ያለው መሪ በንጉሡ ተጠርቶ መንግሥት ይመሠርታል። ሚኒስትሮቹም በአብዛኛው ከዚያው አዳራሽ የሚወጡ ናቸው። ለኢትዮጵያዊ ተመልካች ይህ እንግዳ አይሆንም፤ የእኛም ጠቅላይ ሚኒስትር ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል ነው የሚመረጠው።

ስለዚህ ረቂቅ ሕግ ይዞ የሚነሣው ሚኒስትር ራሱ ድምፅ ከሚሰጡት አንዱ ነው። ከኋላው የተቀመጡት የፓርቲው ሰዎች ናቸው፤ የፓርቲው ተጠሪዎችም ማን እንደሚደግፍ፣ ማን እንደሚያፈነግጥ አስቀድመው ቆጥረዋል። የመንግሥት ረቂቅ ብዙውን ጊዜ ሳይወድቅ የሚያልፈው ለዚህ ነው። ምክር ቤቱ ሥራ ላይ ባለበት ጊዜ ረቡዕ ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቆመው ለግማሽ ሰዓት ያህል ይጠየቃሉ። ትርዒት ነው የሚሉ አሉ፤ ትርዒትነቱማ አይካድም። ቢሆንም የአገር መሪ ከተቃዋሚው በጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ ቆሞ በጩኸት መካከል እንዲመልስ መገደዱን እኔ እንደ ትንሽ ነገር አላየውም።

ይህ ሁሉ ኃይል የሚቆየው ግን አብላጫው እስካለ ድረስ ነው። ማርች 28 ቀን 1979 ሌሊት የጄምስ ካላሃን መንግሥት የመተማመኛ ድምፅ ቀረበበት። ውጤቱ 311 ለ310 ሆነ። በጠና የታመሙ አንድ የካላሃን ፓርቲ (የሌበር) አባል መምጣት አልቻሉም ነበር። መንግሥቱ በአንድ ድምፅ ወደቀ፤ በሜይ መጀመሪያ ምርጫ ተደረገ፤ ማርጋሬት ታቸር ገቡ፤ ፓርቲያቸውም ለ18 ዓመት ሥልጣን ላይ ቆየ።

የላይኛው ምክር ቤትስ? የሎርዶች ምክር ቤት አባላት በሕዝብ አይመረጡም። በ1909 የመንግሥትን በጀት ውድቅ አድርገው ነበር፤ ዋጋውንም ከፈሉ። በ1910 ሁለት ጊዜ ምርጫ ከተካሄደ በኋላ በ1911 የወጣው ሕግ የገንዘብ ረቂቆችን ከአንድ ወር በላይ እንዳያዘገዩ አገዳቸው። ሌሎች ረቂቆችን ቢሆን በ1949 ከተደረገው ማሻሻያ ወዲህ ሊያዘገዩ የሚችሉት ለአንድ ዓመት ያህል ብቻ ነው። የለንደን የመጨረሻ ቃል ከታችኛው ምክር ቤት ነው የሚወጣው።

[ምስል፦ የካፒቶል ጉልላት]

ወደ ዋሽንግተን እንሻገር። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 1 የኮንግረስ፣ ማለትም የተወካዮች ምክር ቤት ወይም የሴኔት፣ አባል የሆነ ሰው የፌዴራል መንግሥት ሹመት እንዳይዝ ይከለክላል። ማርኮ ሩቢዮ በጃንዋሪ 2025 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሲሆኑ የሴኔት ወንበራቸውን የለቀቁት ለዚህ ነው። ፕሬዚዳንቱም ወደ አዳራሹ የሚገቡት እንደ እንግዳ ነው፤ ተጋብዘው ንግግር ያደርጋሉ፣ ይጨበጨብላቸዋል፣ ይሄዳሉ። እንደ ለንደኑ ቆሞ መጠየቅ የለም።

ከዚህ የሚከተለውን ለማየት የጁላይ 2017ን አንድ ሌሊት እናንሣ። ሪፐብሊካኖች ዋይት ሐውስን፣ የተወካዮች ምክር ቤትንና ሴኔትን በአንድ ላይ ይዘው ነበር። የባራክ ኦባማን የጤና መድን ሕግ እንሽራለን ብለው ለዓመታት ሲምሉ ኖረዋል። ድምፁ ሲሰጥ ሪፐብሊካኑ ጆን ማኬይን ወደ ፊት መጡ፤ አውራ ጣታቸውን ወደ ታች አደረጉ። ከሌሎች ሁለት የፓርቲያቸው ሴናተሮች ጋር ሆነው ረቂቁን 49 ለ51 ጣሉት። ፕሬዚዳንቱ ሊያደርጉ የሚችሉት መናደድ ብቻ ነበር።

ለንደን ላይ ያፈነገጠ አባል የሚደርስበት ሌላ ነው። በሴፕቴምበር 2019 ጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰን በብሬግዚት (ብሪታኒያ ከአውሮፓ ኅብረት በመውጣቷ) ጉዳይ ከመንግሥት ተቃራኒ ድምፅ የሰጡ 21 አባላትን ከፓርቲው የምክር ቤት ቡድን አስወጡ። ከእነርሱ አንዱ የዊንስተን ቸርችል የልጅ ልጅ ነበሩ። የአሜሪካ ፓርቲ መሪ እንዲህ ያለ በትር የለውም፤ የሴናተሩን ዕጣ የሚወስነው በግዛቱ ያለው መራጭ ነው። ለዋሽንግተን ፖለቲካ ግራ መጋባት ግማሹ ምክንያት ይህ ይመስለኛል፤ ለሴናተሮቹ ነፃነትም እንዲሁ።

ረቂቅ ሕግ 435 አባላት ባሉት የተወካዮች ምክር ቤትም፣ 100 አባላት ባሉት ሴኔትም በአንድ ዓይነት ቃል ማለፍ አለበት። ሴኔቱ ደግሞ እንደ ሎርዶቹ አዛውንት አማካሪ አይደለም፤ ሙሉ ባለ ሥልጣን ነው። ወደ 39 ሚሊዮን ሕዝብ ያላት ካሊፎርኒያም፣ 600 ሺህ የማይሞላ ሕዝብ ያላት ዋዮሚንግም እኩል ሁለት ሁለት ሴናተር ይልካሉ። በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የዚህን መንገድ ርዝመት በ2022 አይተውታል። ኤች አር 6600 በተባለው ስለ ኢትዮጵያ በቀረበው ረቂቅ ደጋፊውም ተቃዋሚውም ለተወካዩ ሲደውልና ሲጽፍ ከረመ። ረቂቁ ሕግ ሳይሆን የኮንግረሱ የሁለት ዓመት ዘመን በጃንዋሪ 2023 አለቀ፤ እርሱም አብሮ ቀረ።

[ምስል፦ በስክሪኑ ላይ “60” የሚል ቁጥር]

ከሁሉ የሚገርመው ይህ ቁጥር ነው። በሴኔት በአብዛኛው ረቂቅ ላይ ክርክሩን ዘግቶ ወደ ድምፅ ለመሄድ 60 ድምፅ ያስፈልጋል። ይህ በሕገ መንግሥቱ አልተጻፈም፤ ሴኔቱ ለራሱ ያወጣው ደንብ ነው። ሴናተር ስትሮም ተርመንድ በ1957 የሲቪል መብት ሕግን ለማደናቀፍ ከ24 ሰዓት በላይ ቆመው ተናግረዋል፤ ሕጉ ግን አለፈ። ዛሬ እግርንም ጉሮሮንም ማድከም አያስፈልግም፤ 41 ሴናተሮች ክርክሩ እንዲዘጋ እምቢ ካሉ ረቂቁ ባለበት ይቆማል። በ2025 የሆነው ይኸው ነው። ሪፐብሊካኖች 53 ወንበር ነበራቸው። ከዴሞክራቶቹ በቂ ድምፅ እስኪገኝ ድረስ 43 ቀን አለፈ።

አንድ ነገር ልጨምር። እስከ 1980 ድረስ በጀት ሲዘገይ መሥሪያ ቤቶች በአብዛኛው ሥራቸውን ይቀጥሉ ነበር። በዚያ ዓመት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የነበሩት ቤንጃሚን ሲቪሌቲ አንድ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሕግ ጠቅሰው፣ ያልተፈቀደ ገንዘብ ማውጣት ስለማይቻል ሥራ መቆም አለበት የሚል የሕግ አስተያየት ሰጡ። መዘጋቱ የመጣው ከዚያ ነው። በጀት ሲዘገይ ያለፈው ዓመት ወጪ በራሱ እንዲቀጥል የሚያደርጉ ረቂቆች በተደጋጋሚ ለኮንግረስ ቀርበዋል። እነርሱም በሴኔት ለማለፍ 60 ድምፅ ያስፈልጋቸዋል።